ሰቨን ኢለቨን የማን ነው? ክትፎ የተያዘበት ክርክር

ማታ_ፈረቃ | አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ | ቅዳሜ ማታ

ሰላም ወገን። ነገሩ የጀመረው ትናንት ቡና ላይ ነው። ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ስለ ጥንቱና ስለሠራሁበት የሰቨን ኢለቨን ሱቅ ስናወራ «ያ ሰቨን ኢለቨን እኮ የጃፓኖች ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሸሚዙን ለብሰህ ቆመህ የማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም?» አለኝ። እኔ የጃፓን፣ እሱ የአሜሪካ። በክትፎ ተወራረድን፤ የተሸነፈ ለአራት ሰው ይጋብዛል።

ለማታውቁኝ፣ ከ2009 እስከ 2012 እዚሁ አካባቢ አንድ ሰቨን ውስጥ የማታ ፈረቃ ሠርቻለሁ። (እዚህ ክር ላይ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት፣ አለበለዚያ እንጠፋፋለን።) ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ የሚገባው ሰው ግማሹ ሐበሻ ነው። ታክሲ ነጂው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ከሆስፒታል ፈረቃ የወጣችው ነርስ። ቡናውን ራሱ ይቀዳል፣ ስኳሩን አምስት ስድስት ከረጢት ይቀድዳል፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የአገር ቤት ወሬ ነው። የጃፓን ነው ብሎ የነገረኝም አንዱ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ኤርፖርት ያደረሰው ተሳፋሪ አጫውቶት። ያኔ እኔም አላመንኩትም። ዕቃው የአሜሪካ፣ ደንበኛው የአበሻ፣ ሆት ዶጉ ብረቱ ላይ ሲሽከረከር የሚያድር። ጃፓን ከየት መጣ?

የምታውቁ ንገሩኝ። በተለይ ጃፓን ያላችሁ።


ዮርዲ_ቶኪዮ | ቶኪዮ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልዩነቱ የትኛውን ዓመት እንደምትጠይቁ ነው።

መነሻው ዳላስ፣ ቴክሳስ፣ 1927 ነው። ሳውዝላንድ አይስ የሚባል በረዶ አምራች ነበር። ፍሪጅ ገና በየቤቱ ስላልገባ ሰዉ ምግቡን የሚያቆየው ብሎክ በረዶ እየገዛ ነው። በረዶ መሸጫው ሌሎች ሱቆች ሲዘጉም ክፍት ስለነበር ከበረዶው አጠገብ ወተት፣ ዳቦና እንቁላል መሸጥ ጀመሩ። ጥንስሱ ይኸው ነው። በ1946 ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አምስት ሰዓት ክፍት ነን ለማለት ስሙን ሰቨን ኢለቨን አሉት። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ቢሰየም ኖሮ ዛሬ «አንድ አምስት» እያልን ነበር የምንጠራው።

ጃፓን የገባው በፈቃድ ነው። ኢቶ ዮካዶ የሚባል ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ነበር፤ እዚያ የሚሠራ ቶሺፉሚ ሱዙኪ የሚባል ኃላፊ አሜሪካ ሄዶ እነዚህን ትንንሽ ሱቆች ያያል። አገሩ ተመልሶ ሐሳቡን ሲያቀርብ ብዙ ሰው አልተቀበለውም፤ ዘመኑ የትልልቅ ሱፐርማርኬት ነበርና። እሱ ግን አልለቀቀም። የመጀመሪያው ሱቅ ቶዮሱ በሚባል የቶኪዮ ሰፈር ግንቦት 1974 ተከፈተ። ቤቱ ቀድሞ የአንድ ቤተሰብ የመጠጥ መሸጫ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ምን ገዛ መሰላችሁ? የፀሐይ መነጽር፣ በ800 የን። ሱቁ ዛሬም አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ስሙን ካላወቃችሁ እንደ ማንኛውም ሱቅ ታልፉታላችሁ።

ጃፓኖቹ ከዳላስ የወሰዱት በዋናነት ስሙንና የሒሳብ አሠራሩን ነው። የቀረውን ራሳቸው ፈጠሩት። ዋናው ነገር «ታንፒን ካንሪ» የሚሉት ነው፤ እያንዳንዷን ዕቃ ለብቻዋ መከታተል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው፣ የትርፍ ሰዓት ሠራተኛም ቢሆን፣ «ነገ ይሞቃል፣ አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ የስፖርት ቀን አለው፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ኑድልና የሩዝ ኳስ ይጨመር» ብሎ ያዛል። ማግስቱን ከሽያጩ ጋር ያስተያያል። ትናንት አንድ ሳንድዊች ቢተርፍ ለምን እንደተረፈ ይጠየቃል።

አባትየው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ታሪክ ነበረው። በ1987 የመሥራቹ ቤተሰብ በብድር ድርጅቱን ከአክሲዮን ገበያ መልሶ ገዛው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ገበያው ተንኮታኮተ፤ ዕዳው አንቆ ያዛቸው። በ1990 የኪሳራ ከለላ ጠየቁ። በ1991 ጃፓኖቹ 430 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው 70 በመቶውን ወሰዱ። በ2005 ሰቨን ኤንድ አይ የሚባል እናት ኩባንያ አቋቁመው የቀረውንም ጠቀለሉት። ልጅ አባቱን ገዛ ማለት ነው።

ስለዚህ ማታ_ፈረቃ፣ አንተ ባንኮኒው ላይ በቆምክበት ጊዜ ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ ጃፓን ነው።


ሾላ_ገበያ | አዲስ አበባ

ማጠቃለያ፦ ክትፎውን ጓደኝየው ይክፈል፣ በረዶውን ዳላስ ታምጣ።


ጋሽ_ታዛቢ | ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር የገባሁት በ1984 ነው። ያን ጊዜ ሐበሻ የሚቀጠርበት ሁለት ቦታ ነበር ብል ማጋነን አይደለም፤ ፓርኪንግ ወይም ሰቨን። ዲግሪ ይዞ የመጣውም፣ ከሱዳን ካምፕ የመጣውም እዚያው ነው የሚገናኘው። እኔም ሠርቻለሁ። በደሞዝ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው «ሳውዝላንድ ኮርፖሬሽን» ነበር፤ የቴክሳስ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1989 ሚትሱቢሺ ኒውዮርክ ሮክፌለር ሴንተርን ገዛ፣ ሶኒ ኮሎምቢያ ፒክቸርስን ገዛ፤ አገሩ ሁሉ «ጃፓን ሊገዛን ነው» ብሎ ጮኸ። በየመንገዱ ዳር የተተከለው፣ ሰዉ በየቀኑ ቡና የሚቀዳበት ሱቅ ሲሸጥ ግን አጠገቤ ማንም አላነሳውም። እኔ ራሴ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ምልክቱ ያው፣ አረንጓዴና ብርቱካናማው ያው። ምልክት ካልተቀየረ ሰው ባለቤት መቀየሩን አያይም።


ማታ_ፈረቃ

ጋሼ፣ እርስዎም ሰቨን ሠርተዋል እንዴ? በየትኛው ሰፈር ነበሩ? ያኔም ሐበሻው ስኳሩን እንደዚያ ነበር የሚያበዛው?


ጋሽ_ታዛቢ

አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ነበርኩ። ስኳሩን አታንሳው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጠርቶኝ «የእናንተ ሰዎች ቡና ይገዛሉ ወይስ ስኳር?» ብሎኛል።


ሐያት_መርካቶ | አዲስ አበባ

እኔ ለንግድ ባንኮክ እመላለሳለሁ፣ ፕራቱናም ገበያ። እዚያ የሰቨን ብዛት ሌላ ነው። ከሆቴሌ በር እስከ ገበያው አሥር ደቂቃ በማትሞላ መንገድ አራት ቆጥሬያለሁ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው። አንዱ የሌላውን ደንበኛ አይሻማም ወይ ብዬ ሁሌ እገረማለሁ።

ውጭው እሳት ነው፣ በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ፊትሽን ይመታሻል፣ ከላይ ደወሉ ይጮሃል። ዳቦ ለሁለት ታጥፎ በላስቲክ የታሸገ አለ፣ መሃሉ ቺዝ። ልጅቷ ጋ ስታደርሺው ትቀድደዋለች፣ ብረቱ ውስጥ ትጫነዋለች፣ አንቺ ሒሳብ ስትከፍዪ ያልቃል። አብዛኛው ሰው የሚወደው የአሳማ ሥጋ ያለበትን ነው፤ እኔ የሐላል ምልክቱን ፈልጌ ነው የማነሳው፣ እሱም አይጠፋም። ልጅቷ ስትሰጠኝ እጇን አጋጥማ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

ጥያቄዬ፦ የጃፓን ከሆነ ባንኮክ ያለው ለምን እንዲህ ታይላንድ ታይላንድ ይላል? ጃፓንኛ እንኳ አላየሁበትም።


ዮርዲ_ቶኪዮ

ሐያትዬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታይላንድ ውስጥ ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው የጃፓኑ ድርጅት አይደለም። ሲፒ የሚባል የአገሪቱ ግዙፍ ቡድን ነው፤ ዶሮ ያረባል፣ መኖ ያመርታል፣ ሱቁንም ይይዛል። ፈቃዱን የወሰደው ከአሜሪካው ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን በ1989 ፓትፖንግ ላይ ከፈቱ፤ ዛሬ ከ15,000 በላይ አላቸው። ከጃፓን ቀጥሎ ብዙ ሱቅ ያለባት አገር ታይላንድ ናት፤ አሜሪካን ትበልጣለች። ጃፓን ከ21,000 በላይ፣ በዓለም ሲደመር ከ80,000 በላይ ነው።

በየአገሩ እንዲሁ ነው። ታይዋን ውስጥ ዩኒ ፕሬዚደንት የሚባል የምግብ ድርጅት ይዞታል፣ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ ሬይታን የሚባል የኖርዌይ ቡድን፣ ህንድ ውስጥ ደግሞ ሪላያንስ በ2021 ሙምባይ ላይ ጀመረ። የስሙ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ሱቁን እንደ አገራቸው ያደርጉታል።

ፊት ለፊት የመከፈቱ ነገር ደግሞ ሆን ተብሎ ነው። አንድ አገር ላይ ከመበተን አንድ ሰፈር ውስጥ ማጨቅ ይመርጣሉ። መኪናው አንዴ ወጥቶ አሥር ሱቅ ያደርሳል፣ ተፎካካሪም መግቢያ ያጣል። ጃፓንም ሲጀምሩ መጀመሪያ የቶኪዮን አንድ ወረዳ ነው ያጨናነቁት። ኦኪናዋ ደሴት የገቡት በ2019 ነው፤ ቶዮሱ ከተከፈተ ከ45 ዓመት በኋላ!


አቢ_ነታንያ | ነታንያ፣ እስራኤል

እኛም አገር መጥቶ ነበር። በጥር 2023 ቴል አቪቭ ዲዘንጎፍ ሴንተር የመጀመሪያው ሲከፈት ከጓደኞቼ ጋር ሄደን ተሰልፈናል፤ ስለርፒውን ለመቅመስ። ቀይና ሰማያዊ በረዶ ነው በቃ። ታናሽ እህቴ ምላሷን እያወጣች ፎቶ ስትነሳ ዋለች።

እናቴ ግን አንድ ቃል ነው የተናገረችው፤ «ማኮሌት እያለ?» አለች። ማኮሌት የሰፈር ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ ያውቅሻል፣ ገንዘብ ካልያዝሽ ይጽፍልሻል፣ ልጅ ልከሽ ዳቦ ታስመጫለሽ። የኛ እናቶች ከጎንደር መጥተው መጀመሪያ ዕብራይስጥ የተለማመዱት እዚያ ነው፣ ወተቱን በጣት እያሳዩ። ያ ባለበት ሰፈር አዲሱ ምን ይጨምራል? ቴል አቪቭ መሃል ግን ሌላ ነበር፣ ወጣቱ ይገባ ነበር።


ጀሞ_ሁለት | አዲስ አበባ

የአቢ እናት ልክ ናቸው! የኛ ሰፈር ሱቅ ደብተር ውስጥ ስሜ አንድ ገጽ ሙሉ አለ። ሰቨን ኢለቨን ለአንድ ሲኒ ዘይት ዱቤ ይሰጠኛል? ለአንድ ፍሬ ሲጋራስ? እንቁላልስ ነጠላውን ይሸጣል?

ግን በቁም ነገር፣ በ2024 መንግሥት የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። እንግዲህ ይመጡ ይሆን? እኔ ብቻ ነኝ የጓጓሁት?


ጭነት_ሹም | አዲስ አበባ

ሥራዬ የምግብ ማጓጓዝ ስለሆነ ከዚያ አንጻር ልናገር።

የጃፓኑ ሱቅ ትንሽ የሆነው ጓዳ ስለሌለው ነው። ጓዳው መንገድ ላይ ነው፣ መኪናው ውስጥ። ትኩስ ምግብ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣል፣ ዕቃውም በሙቀት መጠኑ ተለይቶ ነው የሚጫነው፤ ሩዝ ነክ ነገር 20 ዲግሪ አካባቢ (ፍሪጅ ከገባ ይደርቃል)፣ ሳንድዊችና ወተት 5 ዲግሪ አካባቢ፣ አይስክሬም ከዜሮ በታች። አንድ ሱቅ ለብቻው ይህን ወጪ አይችልም፤ ብዙ ሱቅ፣ አንድ ማከፋፈያ፣ አጠገቡ ደግሞ ለዚያ ብቻ የሚያበስል ፋብሪካ ያስፈልጋል። ዮርዲ «ማጨቅ» ያለችው ነገር ትርጉሙ ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህን አስቡት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ሜክሲኮና ሳሪስ ላይ መኪና ቆሞ። ሕጉ በሩን ከፈተ እንጂ መንገዱን አላጸዳም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምመለከተው የሱቁን ኪራይ ሳይሆን የማቀዝቀዣ መኪናውን ቁጥር ነው።

ጀሞ_ሁለት፣ ነጠላ እንቁላል ግን ጃፓን ውስጥ ይሸጣሉ፤ ተቀቅሎ፣ ጨው ገብቶበት። ለስልጠና ሄጄ ሳለሁ ቁርሴ እሱ ነበር።


ጀሞ_ሁለት

ቅርፊቱ ሳይላጥ ጨው እንዴት ይገባል??


ጭነት_ሹም

እኔም ሁለት ሳምንት አሰላስዬዋለሁ። ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ውስጥ ይነክሩታል አሉኝ። ብቻ ስትልጠው ጨው አለው።


ሠናይት_ዘ | ፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ልጆች፣ በሁዳዴ ለሥራ ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። ሱቁ ውስጥ የጾም ምግብ አገኛለሁ? የሩዝ ኳሱን ሁሉም ያደንቃል ግን መሃሉ ዓሣ ነው ይላሉ።


ዮርዲ_ቶኪዮ

ሠናይት፣ የሩዝ ኳሱ «ኦኒጊሪ» ይባላል። «ኡሜቦሺ» የሚለውን ፈልጊ፤ በጨው የተዘፈዘፈ ጎምዛዛ ፕለም ነው። የመጀመሪያው ንክሻ ያንጨፈርርሻል፣ በሦስተኛው ቀን ትለምጂዋለሽ። «ኮምቡ» የሚለው የባሕር አረም ነው፣ ጣፈጥ ይላል። ችግሩ ማጣፈጫው ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓሣ ቅመም አለ፤ እኔ የምመለከተው ጀርባው ላይ «ካትሱኦ» (የዓሣ ስም ነው) የሚል ጽሑፍ እንዳለ ነው። በስልክሽ ካሜራ ተርጉሚው። ከዚያ ውጪ ሙዝ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንች (በብርዱ ወራት)፣ ኦቾሎኒ፣ ያለ ወተት ቡና። አትራቢም።


አወያይ_ብሩክ

ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩት። ለሱ 94 ገጽ የደረሰ ክር አለ።


አቤ_ኦሳካ | ኦሳካ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ስለ ምቾቱ ብቻ ስታወሩ አላስችል አለኝ።

ለማስተርስ መጥቼ አንድ ኮንቢኒ ውስጥ ሠርቻለሁ። (ኮንቢኒ ማለት እንዲህ ያለ ሱቅ ሁሉ ነው። የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም፣ ነገሩ በሁሉም ያው ነው።) ተማሪ በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። «ሱቅ ጠባቂ» የሚባል ሥራ መስሎኝ ነበር የገባሁት። የመብራት ሒሳብ መቀበል፣ ፖስታ መላክ፣ የኮንሰርት ትኬት ማተም፣ ዶሮ መጥበስ፣ ሽንት ቤት ማጽዳት፣ ፎቶ ኮፒው ሲነክስ መፍታት፣ ሰካራም መቀስቀስ፤ ይሄ ሁሉ በአንድ ሰው፣ በአክብሮት ቋንቋ። የመጀመሪያ ቀን «ምግቡን ላሙቅልዎት?» ማለት ሲገባኝ «ሞቆኛል» ብዬ አንዲት አሮጊት ራሳቸው በእጃቸው አራገቡልኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ የድሮ ሠራተኞች የነገሩኝ ነው። ቀድሞ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ የተለዩ ቁልፎች ነበሩ፤ ሰማያዊ ለወንድ፣ ሮዝ ለሴት፣ በላያቸው የዕድሜ ቁጥር። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ዕድሜውን ገምተህ አንዱን ካልተጫንክ መሳቢያው አይከፈትም። «ማታ አራት ሰዓት ላይ ወንድ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ፣ ፑዲንግ ገዛ» የሚለው መረጃ እንዲህ ነበር የሚሰበሰበው። ዮርዲ ያመሰገነችው ታንፒን ካንሪ ከጀርባው ይሄ አለበት።

ሌላው 24 ሰዓቱ ነው። እዚሁ ሂጋሺ ኦሳካ አንድ የሰቨን ፍራንቻይዝ (በድርጅቱ ስም በውል የሚሠራ ሱቅ) ባለቤት ሚስቱ ሞተችበት፣ ሠራተኛ አጣ፣ በ2019 ሌሊት ሌሊት መዝጋት ጀመረ። ድርጅቱ ውል ጥሰሃል አለው፤ ከ17 ሚሊዮን የን በላይ ቅጣት ተጠቀሰ። ነገሩ በአገሪቱ ዜና ሆነ፣ ሕዝቡም ብዙው ከሰውየው ጋር ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ውሉ ተቋረጠ፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ ለድርጅቱ ፈረደ፤ የውሉ መቋረጥ በደንበኛ አያያዙ ምክንያት ነው በሚል። ግን ከዚያ ወዲህ ሰቨንም ሰዓት ማሳጠር ለሚፈልጉ መንገድ ከፍቷል። ስሙ ራሱ «ከአንድ እስከ አምስት» አልነበር እንዴ? ሲጀመር ሌሊት ይተኛ ነበር።


ማታ_ፈረቃ

አቤ፣ «ሞቆኛል» ገደለኝ።

ሌሊቱን ግን አትንካብኝ። ሌሊት ባይከፈት የኔ ሥራ አልነበረም። ታክሲ ነጂውም የትም የሚቆምበት አልነበረውም። አንተ ካለህበት ጎን ሳየው ይገባኛል፤ እኔ ተቀጣሪ ነበርኩ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ ወደ ቤቴ። ባለቤት ሆኖ የሚያድረው ሰው ግን ሌላ ነው።


ጋሽ_ታዛቢ

አንድ ወዳጄ በባለቤትነት ገብቶበት ነበር። ዕቃውን ገዝተህ ትሸጣለህ፣ ትርፉን ከድርጅቱ ጋር ትካፈላለህ። ሁለት ልጅ ኮሌጅ አስተምሯል ከሱ። በገና በዓል ግን አንድ ቀን እንኳ ከቤተሰቡ ጋር ሲበላ አይቼው አላውቅም። እዚህ ላይ ልጅ አቤ የሚለው እውነት አለው።


ሐያት_መርካቶ

እኔ የማልረሳው ኢንዶኔዥያ ነው። በ2014 ጃካርታ ስሄድ ወጣቱ በሙሉ ሰቨን በር ላይ ወንበር ይዞ ተኮልኩሎ፣ ማታ ማታ እንደ ካፌ ነበር። ከዓመታት በኋላ ስመለስ አንድም የለም። ምን ሆነ?


ዮርዲ_ቶኪዮ

ያየሽው ራሱ ነው የገደለው። አንድ መጠጥ ገዝቶ፣ ዋይፋዩን ይዞ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ደንበኛ። ወንበር የሚያኖር ሱቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ሰፊ ቦታ ኪራይ ይፈልጋል። በ2015 መንግሥት በትንንሽ ሱቆች ቢራ እንዳይሸጥ ከለከለ፣ ያችም ገቢ ቀረች። የአገሩ ትንንሽ ሱቆች ደግሞ እነ ኢንዶማሬትና አልፋማርት በየመንደሩ ገብተው በርካሽ ይሸጣሉ። ሰኔ 30 ቀን 2017 ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘጉ። ሞልቶ እያለ ከሰረ።

ሌሎቹ የጃፓን ስሞችም ውጭ ሁልጊዜ አልቀናቸውም። ፋሚሊማርት ካሊፎርኒያ ላይ በ2005 «ፋሚማ» ብሎ ገብቶ በ2015 ጠቅልሎ ወጣ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ አጋሩ በ2012 ስሙን ጥሎ «ሲዩ» ብሎ የራሱን አወጣ። በነገራችን ላይ ከሦስቱ ትልልቆች ጃፓን ውስጥ የተወለደው ፋሚሊማርት ብቻ ነው። ላውሰንም የመጣው ከኦሃዮ ነው፤ ጄ. ጄ. ላውሰን የሚባል ወተት ሻጭ ነበር፣ ለዚህ ነው ምልክቱ ላይ የወተት ማሰሮ ያለው። አሜሪካ ያለው ላውሰን ጠፍቶ ቀረ፣ ጃፓን ያለው ወደ 14,000 ደረሰ።


ቡና_ቀማሽ | ሐዋሳ

ስለ ቡናው ማንም ሳያነሳ? ጃፓን ያሉት ሰቨኖች ከ2013 ጀምሮ እዚያው እየፈጩ ትኩስ ቡና ይሸጣሉ፤ ሲጀምሩ 100 የን። ጃፓኖች የኛን ቡና «ሞካ» ነው የሚሉት፣ ከየመኑ ጋር ደርበው። በ2008 የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘበት ብለው ጠበቅ ያለ ምርመራ ሲጀምሩ ወደዚያ የሚላከው ቡና እንዴት እንደወደቀ በዘርፉ ያለን አንረሳውም።


ዮርዲ_ቶኪዮ

ኩባያውን ይሰጡሻል፣ ማሽኑ ስር ታስቀምጫለሽ፣ ይፈጫል። እንደ ቤታችን አይደለም፣ በዚያ ዋጋ ግን የተሻለ አላገኘሁም።


ሾላ_ገበያ

አሁንስ የማን ነው? ካናዳ ገዛው ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ።


አቤ_ኦሳካ

ልትገዛ ነበር። ሰርክል ኬ የሚባሉትን ሱቆች የያዘው አሊማንታሲዮን ኩሽታር የሚባል የኩቤክ ድርጅት በነሐሴ 2024 ለመላው ቡድን 38 ቢሊዮን ዶላር ተኩል ገደማ አቀረበ። አነሰ ተባለ። ወደ 47 ቢሊዮን ከፍ አደረገ። የመሥራቹ የኢቶ ቤተሰብ ራሱ መልሶ ሊገዛ ሞከረ፤ ገንዘብ ይጨምራል የተባለው ደግሞ ኢቶቹ ነበር፣ የፋሚሊማርት ባለቤት! (ስሙ ቢመሳሰልም ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የለውም።) እሱም በየካቲት 2025 አልሆነልኝም አለ። ካናዳዎቹም ሐምሌ 2025 ላይ «በቅንነት አልተነጋገራችሁንም» ብለው ትተው ሄዱ።

በመሃሉ አለቃ ተቀየረ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ድርጅቱን የሚመራው ስቲቨን ዴከስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እናቱ ጃፓናዊት። ጃፓናዊ ያልሆነ ሰው ሲመራው የመጀመሪያው ነው። አባቱ አሜሪካ ውስጥ የሰቨን ፍራንቻይዝ ነበረው፤ ልጁም በጉርምስናው ማታ ማታ እዚያ ሱቅ ሠርቷል።


ማታ_ፈረቃ

ቆይ፣ ቆይ። የማታ ፈረቃ የሠራ ልጅ ነው አሁን ቶኪዮ ላይ ቁጭ ብሎ የሚመራው? እናቴን ደውዬ ልንገራት፣ «ያ ሥራ የት ያደርስሃል?» ትለኝ ነበር።


ኪያ_ቴክሳስ | አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እኔ ነኝ ያ ጓደኛ። ክሩን ልኮልኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ አነበብኩ።

ለመሸነፍ አልመጣሁም። አንደኛ፣ የአሜሪካው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም ኤርቪንግ፣ ቴክሳስ ነው። ሁለተኛ፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው በ2025 የሰሜን አሜሪካውን ክፍል ለብቻው አሜሪካ አክሲዮን ገበያ ላይ እናወጣዋለን ብለው ዕቅድ አውጥተዋል። ያን ቀን አክሲዮኑን ገዝቼ ባለቤት ስሆን የማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ክትፎው ይቆይ።


ማታ_ፈረቃ

በዕቅድ ውርርድ አይከፈልም ኪያ። እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራት ሰው። ጋሽ ታዛቢንም ጠርቻቸዋለሁ፣ አምስት ሆነናል።


ጋሽ_ታዛቢ

እመጣለሁ። የኔ ለብለብ ይሁን።


ሠናይት_ዘ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። የኦኒጊሪው ማሸጊያ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል አለ፤ ቪዲዮ አይቼ በወረቀት ስሞክር ግራ ገባኝ። ከየት ነው የሚጀመረው?


ዮርዲ_ቶኪዮ

ከጫፉ፣ መሃል ላይ። 1ን ይዘሽ እስከ ጀርባው ድረስ ወደ ታች ሳቢው፣ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ የ2ን ጥግ በአንድ እጅ፣ የ3ን በሌላው፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን። ቀስ በይ፤ ቸኩለሽ ከሳብሽ ሩዙን የሚጠቀልለው የባሕር አረም ከላስቲኩ ጋር ይቀራል፣ ሩዙ ራቁቱን እጅሽ ላይ።